ጉራቻን ለጎረቤት የሰጠንበት ዕለት

በጡረታ ሽኝቴ ላይ ጋቢ ካለበሱኝ በኋላ የመድረክ መሪው «ዕድሜዋን ሙሉ ኮከብ ስትፈልግ የኖረች መምህርት» ብሎ አስተዋወቀኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማይኩን ስቀበል መጀመሪያ ያረምኩት ይህንኑ ነው። የሥራ ዘመኔን ሁለተኛ አጋማሽ ያሳለፍኩት ኮከብ የሌለበትን ቦታ ስፈልግ ነው አልኳቸው። ሰዉ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ጎረቤቶቼማ ድሮውንም ኮከብ ቆጣሪ አድርገውኛል፤ ልጅ ሊድሩ ሲያስቡ የሙሽሮቹን ስም ከነእናታቸው ስም ይዘው በሬን የሚያንኳኩ ነበሩ። አላውቅም ስላቸው እያወቀች ደበቀችን ብለው ይቀየሙኛል።

ስለዚህ የሠራሁትን ራሴ ብናገር ይሻላል። ትሕትና ብዙም አያምርብኝም፤ ሥራዬን አሳምሬ አውቀው ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ አቦምሳ ነው። ሁሩታ ላደገ ሰው የአቦምሳ ሙቀት ቀላል አይደለም። ርእሰ መምህሩ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ይጠግናል ብለው የሚያምኑ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ደወል አስጠገኑኝ፣ ድምፅ ማጉያውን አስጠገኑኝ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ሬዲዮ አመጡልኝ። ሬዲዮው ምንም አልነበረበትም። በገበያ ቀን አሮጌ የእህል መኪኖች ከአጥራችን ጥግ ሲቆሙ ግን ይንጫጫል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ ይላል። አንዱን ሾፌር ለምኜ ሞተሩን እያስነሳ እያጠፋ እንዲያሳያቸው አደረግሁ። ርእሰ መምህሩ ሬዲዮውን ከምስጋና ጋር ይዘው ሄዱ፤ እኔ ግን ኋላ እንጀራ የሚሆነኝን ነገር ያገኘሁት እዚያው አጥር ሥር ነው። ጫጫታ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ሳያገኙ ሬዲዮውን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ከአቦምሳ ወደ ሁሩታ፣ ከሁሩታ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አሰላ። ስለ ደመወዙ አልጽፍም፤ የመምህር ደመወዝ ለማንበብም አጭር ነው። አሰላ የመጣሁት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ላስተምር ነበር። ዶክተር ከማልን ያገኘኋቸው ያኔ ነው።

ዶክተር ከማል የአሰላ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የሬዲዮ አስትሮኖሚ ዶክተር ሆነው ተመለሱ፤ ከተማው ግን በዚህ አያውቃቸውም። ከተማው የሚያውቃቸው በሽማግሌነታቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ሱቅ ሲጨቃጨቁ፣ የቢሯችን በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። እኔ ስለ ጋላክሲ ልጠይቃቸው ስሄድ ብዙ ጊዜ ወረፋ እይዛለሁ። አርሲ ውስጥ ጃርሱማ የሚባለው የሽማግሌዎች እርቅ በደማቸው ነበር፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለምክንያት አይደለም።

የምንሠራው ይህን ነው። ጋላክሲ ከኮከብ ብቻ አልተሠራም፤ ብዙ ጋዝ አለው፤ ከሁሉም የሚበዛው ሃይድሮጅን ነው። ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን እጅግ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ የሞገዱ ርዝመት አንድ ስንዝር ያህል ነው። ሌላ አገር ያለ ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይህን እያዳመጠ ሰማዩን ያስሳል፤ የሰማውም ለተለያዩ ቡድኖች ይከፋፈላል። የእኛ ድርሻ በዲስክ ይመጣልን ነበር። በኢንተርኔት ይውረድ ብንል ኖሮ ዛሬም እየወረደ ነበር። ሰው «ጭላሎ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ነው የምታዩት?» ይለናል። የምናየው ዋናው መንገድ አጠገብ፣ መስኮቷ በደንብ በማይገጥም ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሰን ነው።

ጋዝ ባለበት አብዛኛውን ጊዜ ኮከብ አለ። አልፎ አልፎ ግን ጋዙ ሞልቶ ተትረፍርፎ ኮከቡ ከቁጥር የማይገባበት ቦታ ይገኛል። ታርሶ፣ ዝናብ ጠግቦ ያልበቀለ ማሳ በሉት። ገበሬ እንዲህ ያለ ማሳ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ ብሎ ይቆማል። እኛም የቆምነው ለዚያ ነው። ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ አልወለድም ያለበትን ቦታ ማየት አለበት።

ዛሬ ምልክትን ከጫጫታ መለየቱን ፕሮግራም ይሠራዋል፤ ወጣቶቹ ከሰዓት በፊት ጀምረው ምሳ ሳይደርስ ይጨርሱታል። ደግ ነገር ነው፤ እኔ አላለቅስም። እኛ ግን እያንዳንዱን የሞገድ ግራፍ በዓይናችን ነበር የምናየው፤ ዶክተር ከማል ደግሞ ዓይናችንን አያምኑትም።

የመጀመሪያው ልማዳቸው ግራፉን ገልብጦ ማየት ነው። ምልክት አገኘሁ ብለህ ስትመጣ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይሰጡሃል። ወደ ታች የነበረው ጉድጓድ ወደ ላይ ይወጣል። በተገለበጠው ላይም ያንተን የሚመስል ጉብታ ካየህ፣ ያገኘኸው ነገር የጫጫታ ልጅ ነው። ብዙ ደስታ በዚህ መንገድ ሞቷል። ሁለተኛ፣ ቴሌስኮፑ ሁለት መቀበያ ስላለው በሁለቱም መሰማቱን ይጠይቃሉ። ሦስተኛው በጣም የምወደው ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስለምትሮጥ፣ ከሰማይ የመጣ ምልክት ከወቅት ወቅት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ የሳተላይት ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ ራዳር ከሆነ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያ የአቦምሳ መኪና በሌላ ልብስ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ካርቶናቸው ነበር። የቦታው የብርሃን ፎቶ በኮምፒውተሩ ግማሽ ላይ ይከፈታል፤ እሳቸው የጫማ ካርቶን ቀደው ያንን ግማሽ ይሸፍኑታል። የጋዙ ነገር ተመርምሮ ሳያልቅ ካርቶኑ አይነሳም። ዓይን ብርሃን ይወዳል፤ ብርሃን ካየ ለብርሃኑ ያዳላል ይሉ ነበር። ይህን የሚሉ ሰው መሆናቸውን አስቡልኝ።

አጠራጣሪ የሆነ ምልክት ሐሙስ ሐሙስ ከአስር በኋላ ሸንጎ ይቀርባል። ቀልድ አይደለም፤ ሸንጎ ነበር የምንለው። በዕጣ አንዱ ለምልክቱ ይሟገታል፣ አንዱ ይቃወማል። ያገኘው ሰው ግን አይናገርም፤ እናት ለልጇ ዳኛ አትሆንም በሚል። በመጨረሻ ዶክተር ከማል ይዘጋሉ። ለምልክቶቹ የምናወጣው ስምም እንደ ከብት በመልካቸው ነው፤ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ጉራቻ። በዚህ አሠራር ለብዙ ዓመት አልተሳሳትንም፤ ሌሎች ቡድኖች እንኳ ከአሰላ የመጣ ምልክት ከሆነ እውነት ነው ይሉ ነበር።

ሐያት የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አርቦዬ ከተማ ፊዚክስ የምታስተምር፣ ባልና አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ ለሦስተኛ ዲግሪ የትምህርት ፈቃድ አግኝታ የገባች። ንግግሯ ቁጥብ ነው። ፈቃዷ እስኪያልቅ ካልጨረሰች ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፤ ሁለተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጉራቻን ያገኘችው እሷ ናት። ስሙ እንደሚለው ጥቁር ነበር። ግራፉ ሁለት ቀንድ አለው፤ ሁለት ቀንድ ማለት ጋዙ እየተሽከረከረ ነው፣ አንዱ ጎኑ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይርቃል ማለት ነው። ተገለበጠ፣ አለፈ። በሁለቱም መቀበያ ተሰማ። ወቅት ሲለወጥ ፈቀቅ አለ። ካርቶኑ ሲነሳ በቦታው ምንም የለም፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን አንድ ያማረ ትልቅ ጋላክሲ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ፍጥነቱም ከጋዙ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጥያቄው ይህ ሆነ፦ ጋዙ ራሱን የቻለ ጋላክሲ ነው ወይስ ከዚያ ከትልቁ የተቀደደ ጭራ? የእኛ ቴሌስኮፕ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ሁለቱን አጥርቶ አይለይም። ሐያት ግን ከእጇ ባለው መረጃ የጋዙ አዟዟር ከትልቁ ጋላክሲ በተቃራኒ መሆኑን አይታ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ግማሽ በዚህ ላይ ቆሟል።

ዕጣው ለእኔ የተቃዋሚነት ወጣ። ለጉራቻ የሚሟገተው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሆነ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሙግት ግን አይሆንለትም። እኔ ይሆንልኛል። ጭራ የሆኑ ጋዞችን ምሳሌ አንድ በአንድ አቀረብኩ፤ ተቃራኒ የተባለውም አዟዟር ከሰፊ ዓይን የመጣ ማሳሳቻ ሊሆን ይችላል አልኩ። ሐያት ሕጉን አክብራ ዝም አለች። ኃላፊው ላብ በላብ ሆነ።

ዶክተር ከማል ሊዘጉ ሲሉ ሁለታችንንም አዩ፣ ሐያትንም አዩ። ሽማግሌ ሲፈርድ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም። ጋዙ ለጎረቤቱ ለትልቁ ጋላክሲ ይቆጠር፤ የሐያትም ድካም እንዳይቀር በጽሑፉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ትጻፍበት አሉ። አባት ያልታወቀለት ልጅ ለቅርብ ዘመድ እንደሚሰጥ ማለት ነው። ክፍሉ በሙሉ «ሀዬ»፣ እሺ፣ አለ።

«ተስማማሽ ወይ፣ ኢንተላኮ?» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እርስዎ ካሉ እሺ» አለች።

አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን «እሺ» ያውቀዋል። የተስማማ ሰው አይደለም የሚለው። ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ያልተማረ ሰው ነው።

ወሰንን፤ መዘገብንም። የተሻለ ዓይን ባለው፣ ብዙ ሳህን መሰል አንቴናዎች ተያይዘው በሚሠሩበት ቴሌስኮፕ እንዲታዩ ከጠየቅናቸው ቦታዎች ጉራቻ ተሰረዘ፤ ባለቤት አለው ተብሏልና። ብዙ ሳይቆይ ሌላ አገር ያለ አንድ ቡድን ያንኑ ቦታ በእንዲህ ያለው ቴሌስኮፕ አይቶ ይፋ አደረገ። ጋዙ ለብቻው ይሽከረከራል፤ ከትልቁ ጋላክሲ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ረጅም ሰዓት ወስደው ባነሱት ፎቶ ደግሞ በመሐሉ ጥቂት ደብዛዛ ኮከቦች ተገኝተዋል። የሐያት ጋላክሲ ነበር። የዚያን ቡድን ጽሑፍ አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልንና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የጽሑፏ ግማሽ ከእሷ ጋር ወጣ።

ተከራክሬ ማሸነፌ አያሳፍረኝም። ተቃወሚ ተባልኩ፣ ተቃወምኩ። ስሕተቱ ያለው ፍርዱ ላይ ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ እውነቱ መሐል ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ጋዝ ግን ወይ የራሱ ነው ወይ የጎረቤቱ፤ መሐል የሚባል የለውም። «አናውቅም፣ በተሻለ ዓይን ይታይ» ማለት ነበረብን። ይህንን መልስ ደግሞ እኛ ከሽማግሌ አፍ በልጅነታችን ሰምተነው አናውቅም። ተጣልተው የመጡ ሰዎችን አናውቅም ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ የት አለ? ካርቶን ቀደው ዓይናችንን ከብርሃን ሲጠብቁ የኖሩት ሰው፣ መጨረሻ ላይ ጋዙን ወስደው ለብርሃኑ ሰጡት። በጣም አዘንኩ፤ ለሐያትም፣ ለእሳቸውም።

በሳምንቱ ዶክተር ከማል ወደ ሐያት ቤት፣ አርቦዬ እንሂድ አሉኝ። በአውቶቡስ ሄድን። የሐያት አማት በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ደነገጡ፤ እሳቸውን የመሰለ ሽማግሌ ሰው ቤት የሚመጣው ሊያስታርቅ ነውና፣ ልጄ ከሚስቱ ተጣላ እንዴ ብለው ነው። ዶክተር ከማል ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰው ማስታረቅ ለምዶብኝ የማይታረቀውን አስታረቅኩ» አሏት። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ካሣውን ንገሪኝ።»

ሐያት ካሣዋን ተናገረች፦ ከእንግዲህ ያገኘው ሰው ይናገር፤ ሸንጎው ካላሳመነውም እምቢ ማለት ይቻለው። ዶክተር ከማል በእሺታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አማቷ ከዚህ ሁሉ አንድም ነገር አልገባቸውም፤ ምሳ ሳንበላ ግን አልለቀቁንም።

ሐያት ተመልሳ የቀረውን ዲስክ እንደ አዲስ ጀመረችው። ፈቃዷ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዳለቻን አገኘች። እኔ ራሴ ገለበጥኩት፣ አለፈ። ሁሉንም አለፈ። ካርቶኑን ስናነሳ በቦታው ባዶ ጥቁር ነው። ራቅ ብሎ፣ ለክፋቱ፣ እንደገና አንድ ትልቅ ጋላክሲ።

በዚያ ሐሙስ ኃላፊያችን ተማጽኖ በሚመስል ድምፅ ተናገረ። ዳለቻን እንደ ጭራ አድርጋ ብትጽፈው፣ ስለ ጭራ የሚሆን በቂ ማስረጃ አላት፤ ፈቃዷ ሳያልቅ ትመረቃለች፤ የተሻለው ቴሌስኮፕ ተራ እስኪደርሰን ከጠበቀች ግን ፈቃዱ ያልፋል፣ ውጤቱም ምን እንደሚሆን አይታወቅም። እውነቱን ነበር። ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው። እኔም ደገፍኩት፤ እንድትመረቅልኝ ፈለግሁ። ዶክተር ከማል መሬት መሬት ያያሉ።

ሐያት ተነስታ ቆመች።

«ቲቸር አስቴር፣ እናንተ ስለምትወዱኝ ነው፤ አውቃለሁ» አለች። «እኔ ግን በዚህ አልታረቅም። ጭራ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልፈርምም። ዲግሪው ከቀረም ይቅር።»

ክፍላችን ውስጥ ለሽማግሌ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ማንም አልተቆጣም። ዶክተር ከማል ቀና ብለው «ተመዝግቧል» አሉ፤ ሸንጎው በዚያ ተበተነ።

የቴሌስኮፕ ጥያቄያችን ተላከ። ፈቃዷ አለቀ። ሐያት ጠመኔዋን ለመያዝ ወደ አርቦዬ ተመለሰች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ መጥታ ከእኛ ጋር ትሠራለች፣ ማታ ልጇን ለማስተኛት ትሮጣለች። አንድም ቀን ስትጸጸት አልሰማኋትም። እኔ ነበርኩ የምጸጸተው፤ በየቅዳሜው ፊቷን ሳይ ምነው በግድ ባስፈረምናት እል ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ምስሉ ቀስ እያለ ተከፈተ። ትልቁ ጋላክሲ በአንድ ጥግ አለ፤ ጋዙን በራሱ ዙሪያ ሰብስቦ ይዟል። በመሐል ምንም የለም። ማዶ፣ ለብቻው፣ ዳለቻ ክብ ሆኖ እየዞረ ነው፤ አንዱ ጎኑ ይመጣል፣ ሌላው ይሄዳል። ለሐያት ደወልኩ፤ አላነሳችም፣ ክፍል ውስጥ ናት። በእረፍት መልሳ ደወለች።

«ድልድይ አለው?» አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። በሁለቱ መሐል የሚያገናኝ ጋዝ አለ ወይ ማለቷ ነው።

«የለውም» አልኳት።

ከዚያ ደወል ስለተደወለ ክፍል መግባት አለብኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለቅሶውን ለእኔ ትታልኝ ሄደች፤ እኔም በደንብ አለቀስኩ።

ዳለቻ ታተመ፤ ስሟ ከፊት ነው። ፈቃድ የለም ያሏት ሰዎች ይህን ሲያዩ ለመመረቂያ ጽሑፏ መከላከያ የሚሆን ቀን ራሳቸው ሰጧት። የጽሑፏ መከላከያ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዶክተር ከማል በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጉልበታቸውም አስቸግሯቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። እኔና እሳቸው ከፊት ተቀመጥን። ከሌላ ተቋም የመጡት ፈታኝ ሽበታም፣ ጥያቄያቸው የማያልቅ ሰው ናቸው። ሐያትን ወዲያ ወዲህ ሲያንገላቷት ቆዩና መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጥያቄ ሳይሆን በማግባባት ድምፅ ተናገሩ፤ ይህን ያህል ጋዝ ያለ ጌታ አይኖርም፣ ለአንባቢም እንዲቀል ቢያንስ የዚያ የትልቁ ቤተሰብ ነው ብንልስ አሏት። አለዚያ ባለቤቱ ማን ሊባል ነው አሉ።

ሐያት ማስታወሻዋን አላየችም።

«የማንም አይደለም» አለች። «የራሱ ነው።»

ፈታኙ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም አሉ።

ማለፏ ከተነገረ በኋላ ሐያት ከመድረኩ ወርዳ ወደ እኛ መጣች። ልማዷ ነውና ዶክተር ከማልን ዝቅ ብላ ልትሳለም ስትል፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉላት። አዳራሹ ውስጥ ያለ የአሰላ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየ፤ እሳቸው የሚነሱለት ሰው እምብዛም ነው።

«ኧረ በአላህ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎ» አለቻቸው።

አልተቀመጡም።